ባትማን ቀፊራ ገበያ ቢመጣ፦ የሁለት ዓለም ጀግኖችን በአንድ ታሪክ ማገናኘት

ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት ሲበረታ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። የሰፈራችን ልጆች ከዚራ ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። «ሱፐርማንና ሀልክ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» አንዱ «ሱፐርማን ነዋ!» ይላል። ሌላው «አቦ ተወና! ሀልክ በተናደደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል እኮ» ብሎ ይነሳል። ፀሐይ እስክትበርድ ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ኳስ ይጀመራል። ጉዳዩም ሳይፈታ ለነገ ያድራል።

እኔም በእነሱ ዕድሜ እንደዚሁ ነበርኩ። አጎቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ አንዳንዴ ያረጁ የፈረንሳይኛ ኮሚኮች ይዞልኝ ይመጣል። ፈረንሳይኛ አላውቅም። ሥዕሉን እያየሁ ወሬውን ከራሴ እፈጥር ነበር። በእነዚያ መጽሔቶች ውስጥ ዎልቨሪን የሚባለው ጀግና የሚጠራው «ሰርቫል» ተብሎ ነው፤ ያኔ የፈረንሳይ አሳታሚዎች ያወጡለት ስም ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ሰርቫልና ዎልቨሪን ሁለት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። እንዲያውም ሁለቱን አገናኝቼ በደብተሬ አንድ ታሪክ ሠርቻለሁ። ሰውዬውን ከራሱ ጋር አጣልቼ፣ መልሼ አስታርቄዋለሁ ማለት ነው።

ታሪኩ አሰልቺ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንዱ ያለው ሁሉ ሌላውም አለው። አንዱን የጎደለው ሌላውንም ጎድሎታል። የሚሰጣጡት ነገር አልነበራቸውም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዚያ ደብተር የተነሳ ነው። «ማን ያሸንፋል» ለዛፍ ሥር ክርክር ይሆናል። ታሪክ ለመሥራት ግን «ማን ምን ይጎድለዋል» ብሎ መጀመር ይሻላል። የሚያስፈልጋችሁ እርሳስ፣ ጥቂት ኤ ፎር ወረቀትና የማይስማማችሁ አንድ ሰው ነው። እኔ የእህቴ ልጅ አለችልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በምንም አትስማማም።

ለጀማሪ ያህል፦ ዲሲና ማርቭል ሁለት የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ናቸው። ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ዎንደር ዉማንና ፍላሽ የዲሲ ናቸው። ስፓይደርማን፣ ሀልክ፣ ካፒቴን አሜሪካና ኤክስሜኖቹ የማርቭል ናቸው። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ጥንዱን በጉድለት ምረጡ

አንድ ወረቀት ለአራት ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ጀግና አራት ነገር ጻፉ። ምን ይችላል? ምን አይችልም? ቢገደል እንኳ ምን አያደርግም? ከልጅነቱ ምን ቁስል አለው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ሞልቶ ይበቃዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው ታሪክ የሚሰጡት።

ተመሳሳይ ጥንድ አትምረጡ። የዲሲው አኳማንና የማርቭሉ ናሞር ሁለቱም የባሕር ንጉሥ ናቸው። በ1996 ማርቭልና ዲሲ በጋራ ባወጡት ታሪክ ተጋጠሙ። አኳማን ናሞር ላይ ዓሣ ነባሪ ጣለበትና አሸነፈ። አሳቀን። ከዚያስ? ምንም። ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚያወሩት ቢኖር የባሕር ወሬ ብቻ ነው።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ባትማንንና ስቶርምን ነው። እስከ መጨረሻው በእነሱ አሳያችኋለሁ።

ባትማን በ1939 የወጣ ነው። ኃይል የሚባል ነገር የለውም። ገንዘብ፣ ሥልጠናና ግትርነት አለው። ሰው አይገድልም። ልጅ ሳለ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ሌባና ወንበዴ ሲያሳድድ ይኖራል። ማረፊያው ዋሻ ነው።

ስቶርም ከማርቭል ኤክስሜኖች አንዷ ናት፤ በ1975 የመጣች። አባቷ አሜሪካዊ፣ እናቷ ኬንያዊት ልዕልት። ካይሮ እያሉ ቤታቸው ላይ አውሮፕላን ወደቀ። ወላጆቿ ሞቱ። እሷ ፍርስራሹ ሥር ከእናቷ አስከሬን አጠገብ ተቀብራ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጠባብና ዝግ ቦታ ያሸብራታል። ነፋስ፣ ዝናብና መብረቅ ይታዘዙላታል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ግን ትበቃታለች። ካይሮ ጎዳና ላይ ያደገችው ኪስ አውላቂ ሆና ነው። ኋላ ኬንያ ሄደች። እዚያ ሰዎች እንደ አምላክ ሰገዱላት።

አሁን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱም በልጅነት ወላጅ ያጡ ናቸው። ከአንድ ዓይነት ቁስል ተነስቶ እሱ ሌባ አሳዳጅ ሆነ፣ እሷ ሌባ ሆነች። እሱ ዋሻ ይኖራል፣ እሷ ዋሻ ያንቀጠቅጣታል። ወረቀቱን ሳየው ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ነገር ስታገኙ ሌላ ጥንድ መፈለግ አቁሙ።

ደረጃ 2፦ በየት በር ይገናኛሉ?

ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ከጥንት አምስት በር አላት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በየትኛው እንደገባችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይለያል። የሁለት ዓለም ታሪክም እንደዚያው ነው። እስከ ዛሬ በብዛት የተሞከሩት በሮች አራት ናቸው።

አንደኛው፣ ግንብ የለም ብሎ መነሳት ነው። በ1976 ሱፐርማንና ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ማንም ምክንያት አልሰጠም። ድሮውንም በአንድ ዓለም ይኖሩ ነበር ተባለ፤ አለቀ።

ሁለተኛው መሻገር ነው። ይህን የጀመረው በ1961 የወጣው የፍላሽ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ፍላሽ የሆነው ባሪ አለን ለልጆች ትርዒት እያሳየ ሰውነቱን በፍጥነት ሲያንቀጠቅጥ ድንገት ተሰወረ። የደረሰው ሌላ ምድር ላይ ነው። እዚያ በኮሚክ መጽሐፍ ብቻ ያውቀው የነበረውን የቀድሞውን ፍላሽ በአካል አገኘው። ሁለቱም የዲሲ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ለሁሉም በር ከፈተ።

ሦስተኛው፣ ከሁለቱም በላይ የሆነ ኃይል በግድ ሲያገናኛቸው ነው። አራተኛው ማቅለጥ ነው። በ1996 ባትማንንና ዎልቨሪንን አቅልጠው «ዳርክ ክሎው» የሚባል አንድ ሰው ሠሩ። ለእኔ ይህ እንደ ድብልቅ ጭማቂ ነው። ይጣፍጣል፣ ግን የትኛው ፍሬ እንደሆነ አታውቀውም።

ሁለተኛውን ከመረጣችሁ አንድ ነገር አትዝለሉ፦ የዓለሞቹ ሕግ ይለያያል። የዲሲው ቡድን ጀስቲስ ሊግና የማርቭሉ አቬንጀርስ በ2003 ሲገናኙ ፍላሽ ማርቭል ምድር ላይ ሲደርስ መሮጥ አቃተው። የፍጥነቱ ምንጭ እዚያ የለማ! ደግሞ ሱፐርማን ያንን ዓለም አይቶ «እነዚህ ጀግኖች ምን ሲሠሩ ነበር?» ብሎ ተቆጣ። ካፒቴን አሜሪካ በበኩሉ የዲሲዎቹን አይቶ ሕዝብ እንዲያመልካቸው የሚፈልጉ ገዢዎች መሰሉት። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። እንግዳ ሰው ቤታችሁን አይቶ ሲታዘብ የሚሰማችሁን አስቡት።

ለስምንት ገጽ ታሪክ ግን የመጀመሪያው በር ይበቃል። የሰማይ ቀዳዳ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ታባክናላችሁ። የድሬው ታይዋን ገበያ ገብቶ ዕቃው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ? አንባቢም አይጠይቃችሁም።

ደረጃ 3፦ ሚዛን

ሱፐርማን ስፓይደርማንን በአንድ ጥፊ ይጨርሰዋል። የ1976ቱ ጸሐፊ ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተር በድብቅ የቀይ ፀሐይ ጨረር ለስፓይደርማን እንዲደርሰው አደረገ። ሱፐርማን ጉልበቱን የሚያገኘው ከቢጫ ፀሐይ ነው፤ ቀዩ ያዳክመዋል። ጨረሩ እስኪያልቅ ድረስ ስፓይደርማን ደበደበው። ካለቀ በኋላ ግን ሲመታው የራሱ እጅ ነው የታመመው።

ይህ አንድ መንገድ ነው፦ ጠንካራውን ለጊዜው ማውረድ። እኔ ግን ሌላውን እወዳለሁ። ጠንካራውን ኃይሉ የማይሠራበት ቦታ ውሰዱት። ስቶርም ሜዳ ላይ ብትሆን ባትማንን በአንድ ነፋስ ደንገጎ ዳገት ላይ ትጥለዋለች። ስለዚህ ሜዳ አልሰጣትም። ጁገል ውስጥ፣ የድሮ የሐረሪ ቤት ውስጥ አስገባታለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የሚቀመጡባት። ኪርታት ውስጥ መብረቅ አይወርድም። ባትማን ግን እንደ ቤቱ ነው።

ድምፅ አሰባስባችሁ እንዳትወስኑ። በ1996ቱ የጋራ ታሪክ ከአሥራ አንዱ ግጥሚያ አምስቱን አንባቢ በድምፅ ወሰነ። ዎልቨሪን የዲሲውን ሎቦን አሸነፈ። ሎቦን የሚያውቅ ሰው ዛሬም ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ስቶርም ዎንደር ዉማንን አሸነፈች፤ የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ጨፈረች። እኔን የማረከኝ ግን ከግጥሚያው በፊት ያለው ነው። ዎንደር ዉማን የማርቭሉን ጀግና የቶርን መዶሻ አግኝታ አንስታዋለች። መዶሻውን የሚያነሳው የተገባው ሰው ብቻ ነው። ከስቶርም ጋር ስትጋጠም ግን ፍትሐዊ አይሆንም ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ተሸነፈች። ማን እንዳሸነፈ ብትረሱም መዶሻውን ማስቀመጧን አትረሱም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ጠብ

ልማዱ ይታወቃል። ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ሳይግባቡ ይጣላሉ፣ ከዚያ ይተባበራሉ። የእሳቱ ጀግና ሂዩማን ቶርችና የባሕሩ ናሞር በ1940 ከተደባደቡ ወዲህ ይኸው ነው። ልማዱን ጠብቁ፣ ግን ጠቡ የስህተት አይሁን። «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው» የሚል ጠብ ርካሽ ነው። ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣሉ። ከሁለት ገጽ በላይ አትስጡት።

የእኔ እንዲህ ይጀምራል። ባትማን አንድ ሰው ተከትሎ ድሬዳዋ መጥቷል። ቀፊራ ገበያ፣ ግፊያው መሃል፣ አንድ ልጅ ከቀበቶው ላይ ትንሽ ዕቃ ያወልቃል። ባትማንን! በዓለም ላይ የተካነውን መርማሪ! ልጁ ሮጦ ሐረር የሚሄድ መኪና ላይ ይሳፈራል። ባትማን ይከተላል። ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጁገል ውስጥ፣ ሐረሪዎች ኡጋ በሚሏቸው ጠባብ መንገዶች ካሳደደው በኋላ ልጁ አንድ ቤት ገብቶ ይደበቃል። በሩ ላይ ስቶርም ቆማለች።

እሷ ለምን ሐረር መጣች? መጀመሪያ ምክንያት ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ሰው ሐረር ለመምጣት ምክንያት አያስፈልገውም።

ደረጃ 5፦ ጠላት

ሕጉ ቀላል ነው። አንዳቸው ብቻቸውን የሚጨርሱት ጠላት ከሆነ ሌላውን መጥራት አያስፈልግም። በ1976 ሉተርና የስፓይደርማን ጠላት ዶክተር ኦክቶፐስ አንድ እስር ቤት ውስጥ ተገናኝተው ነው የተወዳጁት። ክፉዎቹም ቡድን ሠሩ ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው።

እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት ጠላት ጎርፍ ነበር። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል። ስቶርም፣ ጎርፍ፣ ድሬ፤ ተስማሚ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ገጽ ሥዬ አቆምኩ። በ2006፣ እኛ 1998 በምንለው ክረምት፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሰፈሬ ውስጥ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዝናብ ሲጥል የማይተኙ ሰዎች አሉ። እነሱ ፊት አንዲት ካባ የለበሰች ሴት እጇን ዘርግታ ጎርፉን ስታቆም መሣል አልቻልኩም። «ያኔስ የት ነበረች?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? እውነተኛ ሐዘንን ጀግና እንዲፈታው አታድርጉ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት።

ከዚያ ጠላቱን አሳነስኩት። ልጁን የሚያሰርቀው ሰው አለ። ያመጣውን ይቀበለዋል፣ ካላመጣ እራት ይነሳዋል። ባትማን ይህን ሰው በአንድ ሌሊት አግኝቶ ማሰር ይችላል። ግን ልጁ በማግስቱ ሌላ አሰራቂ ይፈልጋል፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለማ። ይህን የምታውቀው ስቶርም ናት። እሷንም ካይሮ ላይ ሌብነት ያስተማራት ሰው ነበረ፤ ያበላትም ያው ሰው ነው። እሷ ደግሞ ብቻዋን ብትሆን ሰውዬው የተደበቀበት ምድር ቤት አትገባም። አያችሁ? አሁን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከተማ የሚያፈርስ ጭራቅ ሳንጠራ።

ደረጃ 6፦ ቦታው ይናገር

ይህን ክፍል ልጆቹ ከሁሉ ይወዱታል። ጀግናውን አገራችሁ አምጡትና ቦታው ምን እንደሚቀንስበት እዩ።

ስፓይደርማን ኒው ዮርክ ላይ የሚወዛወዘው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ስላለ ነው። ድሬ ላይ ድሩን የት ይሰካል? የከዚራ ዛፍ ላይ ቢሰካ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ የሰፈሩ እናቶች ይጮሁበታል። መጨረሻው ባጃጅ ነው። ሹፌሩም «አቦ ጭምብሏን አውልቃት፣ ትታፈናለህ!» ይለዋል። ጁገል ውስጥ ግን ይነግሣል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከግንብ ግንብ መዝለል ነው።

ሀልክ ጁገል አይገባም። ትከሻው ግንብ ያፈርሳል። ግንቡ ደግሞ ዩኔስኮ በ2006 የመዘገበው ቅርስ ነው። ስለዚህ ሸዋ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መጠበቅ ያናድደዋል። ሲናደድ ይበልጥ ይተልቃል። ሲተልቅ ይበልጥ አይገባም። ይህን አንድ ልጅ ነው የነገረኝ። ከእኔ ሐሳቦች ሁሉ ይበልጣል።

ፍላሽ በሮጠ ቁጥር ይርበዋል። ድሬ ላይ ሳምቡሳና ፈቲራ የሚሸጡ ሰዎች ያበለጽጋቸዋል። አኳማን ደቻቱን በበጋ ቢያይ አሸዋውን ረግጦ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል።

ባትማን ግን ሌላ ችግር አለበት። መሣሪያው ፍርሃት ነው። ጨለማ ውስጥ ጥቁር ልብስ ለብሶ ብቅ ሲል በከተማው በጎታም ወንበዴ ይርበተበታል። ሐረር ላይስ? ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ቁጭ ብሎ ስጋ በእንጨት ሰክቶ ጅብ የሚያበላ ሰው ባለበት ከተማ የሌሊት ወፍ ልብስ ማንን ያስፈራል? አንዲት አሮጊት ከበራቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ እራት በልተሃል?» ቢሉትስ? እኔ ይህን አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት፤ በአራት ፓነል፣ ማለትም በአራት የሥዕል ሳጥን። ፓነል አንድ፦ ባትማን ከጣሪያ ይወርዳል። ፓነል ሁለት፦ አሮጊቷ ቀና ብለው ያዩታል። ፓነል ሦስት፦ ጥያቄው። ፓነል አራት፦ ባትማን መልስ የለውም። እራት አልበላም።

ደረጃ 7፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። በእንግሊዝኛ ኮሚክ ሁሉም ሰው ሌላውን የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። ሱፐርማንም፣ ሌባውም፣ ሕፃኑም። አማርኛ እንዲህ አያስመልጣችሁም። አፋቸውን ሳይከፍቱ መወሰን አለባችሁ፦ ማን ማንን አንተ ይላል? ማን ማንን ያከብራል?

ስፓይደርማን ኮሚክ ላይ ሲጀምር ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነው። ሱፐርማንን መጀመሪያ ሲያገኘው «እርስዎ» ማለት አለበት። ከዚያ ሱፐርማን ያው የገጠር ልጅ ስለሆነ «ኧረ አንተ በለኝ» ይለዋል። ስፓይደርማን አፉ አልታዘዝ ይለዋል። መሃል ላይ ሕንፃ ሊወድቅበት ሲል ነው «ተጠንቀቅ!» ብሎ የሚጮኸው። አንተ ያለው ያኔ ነው። ጓደኛ የሆኑት እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንድም ቡጢ ሳይሰነዘር የታሪኩን መታጠፊያ አገኛችሁ።

በእኔ ታሪክ እንዲህ ነው። ባትማን አማርኛው የሬዲዮ ዜና ነው። የተማረው ከመጽሐፍ ነው፣ ስህተት የለበትም፣ ሙቀትም የለበትም። የሚያከብረው ለመራቅ ነው። ስቶርም አምላክ ተብላ የኖረች ናት፤ መከበር አዲስዋ አይደለም። ልጁ ደግሞ የድሬ ልጅ ነው። እኛ ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁለቱንም አንተና አንቺ ይላቸዋል።

ቤቱ በር ላይ፦

ባትማን፦ «ዞር ይበሉ። ጉዳዩ እርስዎን አይመለከትም።»

ስቶርም፦ «ልጁ ነው የሚመለከተኝ።»

ባትማን፦ «ሌባ ነው።»

ልጁ (ከውስጥ)፦ «አቦ አታካብድ! ትንሽዬ ነገር ነች!»

ስቶርም፦ «እኔም ሌባ ነበርኩ። በእሱ ዕድሜ።»

እዚህ ላይ ሁለት ባዶ ፓነል አስቀመጥኩ። ንግግር የለም። የባትማን ፊት ብቻ።

ምክንያቱን የሚያውቅ አንባቢ ያውቀዋል። ባትማን አንድ ሌሊት የመኪናውን ጎማ ሲፈታ የያዘው አንድ የጎዳና ልጅ ነበረ፤ ጄሰን ቶድ። ለፖሊስ አልሰጠውም። ወስዶ አሳደገው፣ ረዳቱን ሮቢንን አደረገው። በ1988 ልጁ ይሙት ወይስ ይትረፍ ተብሎ አንባቢ በስልክ ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። 5,343 ይሙት አሉ፣ 5,271 ይትረፍ። በ72 ድምፅ ሞተ። ድምፅ አታሰባስቡ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

ስቶርም ይህን አታውቅም። ባትማንም አይነግራትም። እሷ የምታየው ጨካኝ ሰው ነው። እሱ የሚያየው ሌላ ልጅ ወደ እሱ ሲቀርብ ነው፤ ወደ እሱ የቀረበ ልጅ ምን እንደገጠመው ያውቃል። ባትማንና ስቶርም ብቻ ሊከራከሩት የሚችሉት ነገር ይህ ነው። የእናንተም ጥንድ እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ጥያቄውን ለሌላ ጥንድ ብትሰጡት እኩል የሚሠራ ከሆነ ወደ ደረጃ አንድ ተመለሱ።

ከሁለቱ ባዶ ፓነሎች በኋላ ባትማን አንድ ቃል ብቻ ይላል፦ «ግቢ።» ይግቡ ነበር ማለት የነበረበት። አንባቢው ልዩነቱን ያያል። ችግሩ ልጁ ያለው ኪርታቷ ውስጥ መሆኑ ነው። ስቶርም ደፉ ላይ ትቆማለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ባትማን አይቶ ምንም አይናገርም። በሩን ግን በእጁ ይዞ ክፍት አድርጎ ይቆማል፤ እስክትወጣ ድረስ እንዳይዘጋ።

ደረጃ 8፦ ወረቀት ላይ ማውረድ

ሁለት ኤ ፎር ወረቀት ደርባችሁ መሃል ላይ እጠፉ። ስምንት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ሽፋን ነው፣ ሰባት ቀራችሁ። የእኔ አከፋፈል፦ አንድ ገጽ ለቀፊራ ስርቆት፣ አንድ ለማሳደድ፣ አንድ ለአሮጊቷ፣ ሁለት ለበሩ ጠብና ለኪርታት፣ አንድ ለአሰራቂው፣ አንድ ለስንብት። በገጽ ከአራት እስከ ስድስት ፓነል ይበቃል።

መጀመሪያ ጽሑፉን ጻፉ፣ ከዚያ ንግግሩን የሚከብበውን አረፋ በዙሪያው ሳሉ። አረፋውን ቀድማችሁ ከሳላችሁ ፊደላችን አይገባላችሁም። መጨረሻው ላይ ጉንዳን የሚያህል ፊደል ትጽፋላችሁ። በአንድ አረፋ ከአሥር ቃል አትለፉ። ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ ይቁም።

ዳር ዳሩን አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዉ። እኔ አልተውኩም ነበር። ፎቶ ኮፒ ሳስነሳ የእያንዳንዱ ገጽ የታች መስመር ተቆርጦ ቀረ። ሃያ ቅጂ። «ግቢ» የምትለዋ ቃል «ግ» ሆና ወጣች።

ደረጃ 9፦ ሸኟቸው

ጀግኖቹ የሰው ንብረት ናቸው። ለራሳችሁ፣ ለጓደኛ፣ ለሰፈር ልጅ ሥሩ፤ አትሽጡት። መሸጥ ካማራችሁ የራሳችሁን ጀግና ፍጠሩ። ጀምበርና ሃዊ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ የኮሚክ ጀግኖች አሉ፤ እነሱም ባለቤት አላቸው፣ ግን አገር ውስጥ ሆኖ ጀግና መፍጠር እንደሚቻል ታዩባቸዋላችሁ።

ተውሳችሁ ያመጣችሁትን ሰው እንዳመጣችሁት መልሱ። ባትማን ጎታም ይመለሳል፣ ስቶርም ወደ ኤክስሜኖቹ። አትግደሉ፣ አትዳሩ። ግን አንድ ትንሽ ነገር ይቅር፤ ሌላ ሰው የማያየው። እኔ ስንብቱን ድሮው ባቡር ጣቢያ አደረግኩት። ልጁ የሰረቀውን ዕቃ ለባትማን ይመልሳል። ባትማን ቀበቶው ላይ ይሰካዋል። ስቶርምን «ደህና ሁኚ» ይላታል። ደህና ይሁኑ አላላትም። መጨረሻው ይሄ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። እስከ ሰባተኛው ገጽ ዝም አለች፤ ይህ ራሱ ብርቅ ነው። ስምንተኛው ላይ ፊቷን አኮሳተረች።

«ልጁ ለምን መለሰለት?»

«ጸጽቶት ነዋ።»

«አይጸጽተውም። የድሬ ልጅ ነው። ደግሞ እሷ ሌባ ነበረች አይደል? እሷ ናት መልሳ ከልጁ የሰረቀችው። ባትማን ሳያይ ቀበቶው ላይ ትሰካዋለች። ከዚያ ጎታም ደርሶ ሲያየው ግራ ይገባዋል።»

ላጲሱን አመጣሁ።